በሌለሁበት የተጫወትኩት ግማሽ ፍፃሜ

ኪልብሪን፣ ሊትሪም፣ አየርላንድ
ሜይ 9 ቀን 1956

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፍራንሲ ጊልሬን፤

በተራራ ሆድ ውስጥ የምትውለው ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እመቤታችን ከድንጋዩም ከባሩዱም ትጋርድህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሱቁም እንደተውከው ነው፤ ሻይ፣ ስኳር፣ ሚስማር፣ ወሬ።

ዘንድሮ ለጌሊክ ኳስ የጁኒየር ዋንጫ ቡድን ልናሰልፍ ነው። አምና ከአስራ አምስቱ አስራ አንድ ሰው ብቻ ተገኝቶ እንደቀረን ጽፌልህ ነበር። ሁለቱ የፍሊን ልጆች ለንደን ገቡ፣ ግብ ጠባቂያችን ለፖሊስነት ተቀጠረ። ባለፈው እሑድ ለልምምድ የመጡት አስራ አራት ናቸው፤ አንዱ የአባ ማላሪ አትክልተኛ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። መምህር ኪኒ እንደሚለው ዘንድሮም አስራ አምስት ካልሞላን የአጥቢያችን ስም ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የቀሩትም ልጆች ጎረቤት አጥቢያ ኮርናቫ ሄደው የኮርናቫን ማልያ ይለብሳሉ። ይህን ከማይ ማልያ ማጠቡን ብተው ይሻለኛል።

አንድ ነገር ልለምንህ። የኳስ ጫማህ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ለአንድ ልጅ ላውሰው? ለማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም።

አባትህ ደህና ነው። ለቅዳሴ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ሜዳው አጠገብ ግን ዝር አይልም።

አክስትህ ሮዝ አን

* * *

ግሌን ካራን የዋሻ ሠራተኞች ሰፈር፣ ስኮትላንድ
ሜይ 19 ቀን 1956

ለውድ አክስቴ ሮዝ አን፤

ጤናሽ ይመለስ፤ ጉልበትሽንም ፈጣሪ ያበርታልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከምድር በታች ስለምንውል ፀሐይ የምናየው እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ ይዘንባል።

ጫማውን ለሚሮጥበት ሰው ስጪው። ውጤቱን ግን ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እዚህ አብሮኝ የሚቆፍር የኮርናቫ ልጅ አለ፤ ባርትሊ ሮዲ ይባላል። እናቱ በየሳምንቱ የአገር ቤቱን ጋዜጣ ትልክለታለች፤ ምሳ ላይ ጮክ ብሎ ያነብብልናል። በሱ አፍ ከምሰማው ካንቺ ልስማ።

የአባቴ ቤት ጣሪያ በክረምቱ አፍስሶ ነበር ብለሽኝ ነበር። ተጠገነ?

ፍራንሲ

* * *

ኪልብሪን
ጁን 5 ቀን 1956

ልጄ ፍራንሲ፤

ሰላምታዬ ከሜዳው ጭቃ ጋር ይድረስህ፤ ማልያዎቹን ገና አሁን አጥቤ ማስጣቴ ነው። አሸነፍን! የመጀመሪያውን ዙር በአራት ነጥብ አለፍን። አትክልተኛው በረኛ ቆሞ ሁለት ኳስ በደረቱ መለሰ፤ አባ ማላሪ ለሦስት ቀን ከሥራ አሳርፈውታል። ጫማህ አንድ ጎልና ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ሕዝቡ እንዴት እንደጮኸ ብትሰማ!

ጣሪያው ተጠግኗል። አባትህ ብቻውን ወጥቶ ጠገነው፤ ሰው ጥራ ብለው ጆሮ አልሰጠኝም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጌታ ይጠብቅህ።

አክስትህ ሮዝ አን

* * *

ግሌን ካራን
ጁን 21 ቀን 1956

ለአክስቴ ሮዝ አን፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጤና ነኝ፤ ጋዜጣው እንደሚለው ከሆነማ ከጤናም በላይ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ባርትሊ ምሳ ላይ ጋዜጣውን ገልጦ ያነብ ጀመር። «ለኪልብሪን ድል ትልቁን ድርሻ የያዘው ከስኮትላንድ የተመለሰው ፍራንሲ ጊልሬን ነው። አንድ ጎል ከመረብ አሳርፎ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ከአግዳሚው በላይ ልኮ ሦስት ነጥብ...» እዚህ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሾርባዬን እየጠጣሁ ነበር። ሰላሳ ሰው ነው የሳቀብኝ። ባርትሊ «አንተ እዚህ ከሆንክ እዚያ ያለው ማነው?» አለኝ። «ተአምር ነው» አልኩትና እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ተአምር ሆኗል። የፈረቃ አለቃው ሳይቀር «ተአምር፣ መሰርሰሪያውን አቀብለኝ» ይለኛል።

አክስቴ፣ ጫማዬን ነበር የለመንሽኝ። ስሜን ጭምር መውሰዳችሁን አላወቅሁም። ይሁን፣ አልተቀየምኩም። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አባቴ ያንን ጋዜጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሟቾች ስም ዝርዝር ድረስ ያነባል። ነገሩን ነግራችሁታል?

ፍራንሲ

* * *

ኪልብሪን
ጁላይ 12 ቀን 1956

ልጄ፤

መልስ ያዘገየሁት በድርቆሹ ምክንያት ነው ልልህ ነበር፤ ግን ድርቆሹ ገና አልታጨደም። አፍሬ ነው።

ልጁ ኖኤል ታንሲ ይባላል። በዚህ ዓመት ከስላይጎ መጥቶ ወተት መሰብሰቢያው ውስጥ ተቀጠረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲሮጥ ነፋስ ነው። ነገር ግን ለአገሩ አጥቢያ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ተጫውቷል፤ በሕጉ ለኛ ሊሰለፍ አይችልም። መምህር ኪኒ መዝገቡን ዘርግቶ «የፍራንሲ ስም አለን፣ እግሩ የለንም፤ የኖኤል እግር አለን፣ ስሙ የለንም» አለ። አስራ አምስተኛ ሰው አልነበረንም ልጄ። ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አሁን የምለምንህ ዝም እንድትል ነው። ያንንም የኮርናቫ ልጅ ዝም አሰኝልኝ። በግማሽ ፍፃሜ የደረሰን ኮርናቫ ነው፤ ጁላይ 22፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ።

አባትህ ስለ ጋዜጣው ምንም አላለኝም። እኔም አላነሳሁበትም።

ሮዝ አን

* * *

ኪልብሪን
ጁላይ 24 ቀን 1956

ፍራንሲዬ፤

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ያበርታህና ቁጭ ብለህ አንብበው።

እሑድ ሕዝቡ አጥሩን ሞልቶት ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ዘወር ስል አባትህን አየሁት። የቅዳሴ ልብሱን ለብሷል፣ ተላጭቷል፣ ከድንጋይ አጥሩ ማዶ ብቻውን ቆሟል። የማልያውን ከረጢት ጥዬ ወደሱ ሄድኩ። አልተመለከተኝም። ዓይኑ አስራ አንድ ቁጥር ላይ ነው። ኖኤል ኳሷን ከአየር ላይ ሲቀልብ ሕዝቡ «ፍራንሲ! ፍራንሲ!» እያለ ጮኸ። ልጁ ወደኛ ዞረ። ያኔ ያባትህ ፊት እንዴት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም።

ይህን ጊዜ ሂዩ ሮዲ፣ የዚያ የባርትሊ ወንድም፣ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገባችን ቆመ።

«ጆን ጆ፣ ያ አስራ አንድ ቁጥር ያንተ ልጅ ነው?»

አባትህ እኔን አየ፤ ከዚያ ሜዳውን።

«የኔ ልጅ ነው» አለ።

«ስኮትላንድ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

«ስኮትላንድ ሩቅ አይደለም» አለና አባትህ ፊቱን አዞረ።

በአንድ ነጥብ አሸነፍን። ሰዉ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው እኔና አባትህ ወደ ላይ መንገድ ጀመርን።  ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሮዝ አን፣ ልጄ አልመጣም ማለት ነው?»

«አልመጣም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ፣ ጆን ጆ። ስሙን ነው የወሰድነው።»

የድልድዩ ግንብ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሁለት ጊዜ አለው።

ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። ጋዜጣውን አንብቧል፤ ያነበበውንም አምኗል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ልጄ አገር ገብቶ፣ ሜዳ ላይ ተጫውቶ፣ ቤቴን ሳይረግጥ ቀረ ብሎ ተቀምጧል። ለማንም አልተናገረም። ቤቱ ስገባ ክፍልህ ኖራ ተቀብቷል፤ አልጋህ ላይ አዲስ አንሶላ አለ። ሁለት እሑድ ወተት መሰብሰቢያው መስቀለኛ መንገድ ድረስ ወርዶ ቆሞ ጠብቆሃል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ካልመጣልኝ እኔ ልሂድለት ብሎ ነው ተላጭቶ የወረደው።

እኔ ከሱቄ ሆኜ ይህን ሁሉ አላየሁም። ማየት ነበረብኝ።

አክስትህ

* * *

ግሌን ካራን
ኦገስት 2 ቀን 1956

አክስቴ ሮዝ አን፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ አለቃው ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁም።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንደጠላኝ ነበር የማስበው። እናቴ በተቀበረች ቀን ከመቃብሩ በር ላይ ምን እንዳለኝ አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። «ለኳስ ቢሆን ቀድመህ ትደርስ ነበር፤ ለእናትህ ግን ዘገየህ» አለኝ። አፈሩ እየተመለሰ ነበር ከስኮትላንድ የደረስኩት። በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ። የሱ በር ለኔ ተዘግቷል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣሁት።

ሌላም ነገር አለ። ባርትሊ በክፋት ሳይሆን ለሳቅ ብሎ ለወንድሙ ጽፎለታል። «ፍራንሲ እዚህ ከኔ ጋር ድንጋይ እየፈለጠ እናንተ ጋ ጎል ያገባል» ብሎ። ትናንት ነገረኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ፍራንሲ

* * *

ኪልብሪን
ኦገስት 10 ቀን 1956

ልጄ ፍራንሲ፤

የሰማይ አባት ልብህን ያለስልስልኝ፤ የምጠይቅህ ከባድ ነገር ነው።

ኮርናቫዎች አቤቱታ አስገብተዋል። ኦገስት 24 ከተማው ሆቴል ውስጥ ኮሚቴው ይሰማዋል። መምህር ኪኒ ጽፎ ያዘጋጀው ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። በጁንና በጁላይ ለእረፍት አገር ቤት እንደነበርክና ሁለቱንም ጨዋታ ራስህ እንደተጫወትክ ይላል። ፊርማህ ብቻ ነው የቀረው። የባርትሊ ደብዳቤ ወሬ ነው፣ ያንተ ግን ፊርማ ነው ይላል ኪኒ።

ኪልብሪን ፍፃሜ ከደረሰ ሰላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሱቅ የሚገባው ሁሉ «ፈረመ?» ነው የሚለኝ። አትክልተኛው እንኳ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የነበረ ቀን ነው አለኝ። እኔ አድርግ አልልህም። አታድርግም አልልህም። ወረቀቱን እንድልክ ተለምኜ ላክሁ።

ሮዝ አን

* * *

ግሌን ካራን
ኦገስት 17 ቀን 1956

ለአክስቴ ሮዝ አን፤

ጤና ይስጥልኝ። ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼዋለሁ።

መምህር ኪኒ እንዳይቀየመኝ ንገሪልኝ፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ለኳሱ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እፈርም ነበር፤ ቅዱስ አይደለሁም። ግን ወረቀቱን አንብቢው። በጁን አገር ቤት ነበርኩ ይላል። በጁላይ አገር ቤት ነበርኩ ይላል። እዚያ ሁለት ወር ከርሜ አባቴ ቤት አልገባሁም ብዬ በገዛ እጄ እንድፈርም ነው የጠየቃችሁኝ። አባቴ ያንን ስድስት ሳምንት አምኖት ኖሯል። እውነት ነው ብዬ አላጸናበትም።

ይህን ደብዳቤ ብትፈልጊ አንብቢለት።

ፍራንሲ

* * *

ኪልብሪን
ኦገስት 27 ቀን 1956

ፍራንሲ ልጄ፤

አንብቤለታለሁ። ሁለቴ አስነበበኝ።

ዓርብ ዕለት በመምህር ኪኒ መኪና አምስት ሆነን ሄድን። ፊርማህ ስለቀረ ኪኒ ያለ የሌለ ተስፋውን አባትህ ላይ ጥሎ ነበር፤ ሂዩ ሮዲ ሲጠይቀው ልጄ ነው እንዳለ ሜዳው ሁሉ ሰምቷላ። መንገዱን ሙሉ «አንዲት ቃል ትበቃናለች፣ ጆን ጆ» ሲለው ነበር። አባትህ መስኮቱን ያያል።

ሰብሳቢው ስሙን ሲጠራ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተነሳ። ያ ተጫዋች ልጅህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ሜዳው ላይ አዎ ብያለሁ» አለ አባትህ። «እዚህ ግን አይደለም እላለሁ። ልጄ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አልተመለሰም። ቢመለስ ቤቴን አልፎ የሚሄድ ልጅ አይደለም። ተመልሶ ነበር ተብሎ ወረቀት ላይ እንዲቀር አልፈልግም።»

 ሂዩ ሮዲ ራሱ አንገቱን ደፋ።

ከዋንጫው ተሰረዝን። ኖኤል ለአንድ ዓመት ታገደ። አንተም ለስድስት ወር ታግደሃል፤ ስምህ በመዝገብ ስላለ ደንቡ ነው ተብሏል።  ሰሞኑን ሱቄ የሚገባው ሰው የሚፈልገውን ብቻ ጠርቶ ይወጣል። አባትህንም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰላም ያሉት ጥቂት ናቸው። ኖኤል ግን ቅዳሜ ዕለት ኮረብታውን ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀው። አባትህ መንሽ ሰጠው፤ ድርቆሹን ሲያገላብጡ ዋሉ።

አሁን የምጽፈው አባትህ ጻፊልኝ ያለኝን ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አንተው ጻፈው ብለው እጄ አይታዘዘኝም አለ።

«ለፍራንሲ። እናትህ የታመመችው እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ሮዝ አን ለልጁ ቴሌግራም ላክ አለችኝ። አልላክሁም። ማክሰኞም አልላክሁም። ቴሌግራሙን ከላክሁ መሞቷ ነው ብዬ ፈራሁ። ካልላክሁ የምትነሳ መሰለኝ። ረቡዕ ማታ ላክሁ፤ ሐሙስ ሞተች። ያዘገየሁህ እኔ ነኝ። መቃብሩ በር ላይ ስትደርስ ፊትህን ሳይ ይህንኑ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያ ሌላው ነገር ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልመልሰው ስል ነበር።»

ያለው ይኸው ነው። ተነስቶ ወጥቷል፤ ላሟን እያየ ነው።

የቀረው የኔ ነው። እኔም አውቅ ነበር። ሰኞ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ዝም ያልኩትም እኔ። መቃብሩ ላይ ያንን ሲልህ ቆሜ ሰማሁ። ወንድሜ ነው፣ ሐዘን ላይ ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩልህ? በእያንዳንዱ ውስጥ ይህ ጎድሎ ነበር። 

ሮዝ አን

* * *

ግሌን ካራን
ሴፕቴምበር 17 ቀን 1956

ለአክስቴ ለሮዝ አን፤

የዘገየሁት ስላመመኝ አይደለም፤ እንዳታስቢ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ስቆጥር ነበር። ሰኞ ቢላክ ማክሰኞ ይደርሰኝ ነበር። ረቡዕ በመርከብ ሐሙስ ጠዋት ቤት ነበርኩ። እናቴ ያን ጠዋት ነፍሷን አውቃ ነበር፣ ስሜንም ጠርታለች ብለሽኝ ነበር፤ አቤት እላት ነበር። ይህን ለማንም መናገር ስላልቻልኩ ለባርትሊ ነገርኩት። እሱ የሚያውቀው መቀለድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አልቀለደም። መሰርሰሪያዬን ተቀብሎኝ የኔንም ፈረቃ ሠራልኝ።

አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽሽም። በሱም ባንቺም ተቆጥቻለሁ፤ ባንቺ እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ካንቺ አልጠበቅሁም። ይህ ቶሎ ይለቀኝ አይለቀኝ አላውቅም። ግን ሌላም ነገር አስባለሁ። አንድ ሰው በሆቴል ሳሎን፣ የገዛ አጥቢያው ሰዎች ፊት፣ ዋንጫውን ከእጃቸው ነጥቆ ልጄ ቤቴን አልፎ አይሄድም ብሎ ይመሰክራል። ያ ሰው እሱ መሆኑን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ባርትሊ ዛሬ እንዳነበበልን ኮርናቫዎች በፍፃሜው በዘጠኝ ነጥብ ተሸንፈዋል። ለመምህር ኪኒ ንገሪው፤ ትንሽ ይቀልለው ይሆናል። ለኖኤልም በስሜ ስለተጫወተ አመስግኚልኝ፤ እኔ እንደዚያ ጥሩ ሆኜ አላውቅም።

አስራ ሁለት ቀን እረፍት አግኝቻለሁ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ በአራት ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ እደርሳለሁ። ለአባቴ ቀኑን ብቻ ንገሪው፤ ሌላውን እኔ እነግረዋለሁ። መንገድ ላይ ቆሞ እንዳይጠብቀኝ፤ ቤቱ ይሁን።

አውቶቡሱ ሱቅሽ በር ላይ እንደሚያወርደኝ አውቃለሁ። ቆመሽ ታዪኝ ይሆናል። እጄን አነሳልሻለሁ፤ ግን አልገባም፤ አልፌሽ ሽቅብ እሄዳለሁ። ላንቺ ነገ አለ።

ፍራንሲ